የዳይሬክተሩ ሳር

ጡረታ ከወጡ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናቸውም ሰፈሩ እስካሁን «ዳይሬክተሩ» ነው የሚላቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በቤቱ የቀሩት እሳቸውና ሴት ልጃቸው ብቻ ናቸው። ከልጃቸው ቀጥሎ የሚሳሱለት ነገር ቢኖር ግቢያቸውን የሸፈነው ሳር ነበር።

ሳሩ በእርግጥም ያምራል። ድፍን አረንጓዴ፣ ሲረግጡት እንደ ፍራሽ የሚለሰልስ፣ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ። ሰው ሁሉ በየሁለት ሳምንቱ ሲያጭድ የእሳቸውን ማጭድ ነክቶት አያውቅም። ለጠየቃቸው ሁሉ «ዘሩ ጨዋ ነው፤ ልኩን ያውቃል» ይላሉ። እንግዳ ጫማውን ሳያወልቅ አይረግጠውም።

የዚህ ሳር ጠላት አንድ ነበር፤ ከጎረቤታቸው ከልብስ ሰፊው ግቢ በአጥር ሥር እየሾለከ የሚገባ ግትር አረም። ዳይሬክተሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ተንበርክከው በሹካ ይነቅሉታል፤ በሳምንቱ ተመልሶ ብቅ ይላል። የልብስ ሰፊው ግቢ ከዳር እስከ ዳር ይኸው አረም ነው። ሰውየው ግን ደንታም የለው፤ ልጆቹ ይንከባለሉበታል፣ እሱም ከሰዓት በኋላ ጋደም ይልበታል። አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ጠርተው ቢገሥጹት መርፌውን ከከንፈሩ አውጥቶ፣ «ምን ላድርገው ጋሼ፣ እሱም እንደኛው ፍጥረት ነው» አላቸው። ዳይሬክተሩ ይህን እንደ ንቀት ቆጠሩት፤ ግን ጎረቤት ነውና ዋጥ አደረጉት።

ዘንድሮ ጉልበታቸው አልታዘዝ አለ። ሐኪሙም መንበርከክ የሚባል ነገር ከለከላቸው። በዚያ ላይ ልጃቸው ልትታጭ ነው፤ የሚያጫት ልጅ ወላጆች በወሩ መጨረሻ እሑድ መጥተው ሊተዋወቁ ቀጠሮ ተይዟል። ዳይሬክተሩ ወንበሮቹ ሳሩ ላይ እንዲደረደሩ አስበዋል፤ አማቾቻቸው ሳሩን ሳያዩ ቤት እንዲገቡ አይፈልጉም። መላውን ያመጣችው ልጅቱ ናት። አረሙን ለይቶ የሚገድል፣ ሳሩን የማይነካ መድኃኒት አለ ሲባል ሰምታለች።

ወደ መደብሩ ራሳቸው ሄዱ። ሻጯ ጠርሙሱን አንስታ ስለ ቅጠል ዓይነት ማስረዳት ስትጀምር አቋረጧት። «የኔ ልጅ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት አስተምሬ አረምና ሳር መለየት አያቅተኝም። ሳሩን ይነካል ወይስ አይነካም?»

አይነካም አለች። አመስግነው ወጡ።

ነፋስ የሌለበትን ጠዋት መርጠው፣ መመሪያውን እንደ ፈተና ወረቀት ሁለት ጊዜ አንብበው፣ በልኩ በጠበጡ። ጓንት ረስተው ወደ ቤት ሲገቡ መርጫውን በር ላይ ተዉት። ሲመለሱ ልብስ ሰፊው መርጫውን አንስቶ ጠበቃቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያውቅ ሊያሸክማቸው መምጣቱ ነው። አመሰገኑትና ግቢውን ሙሉ ረጩ፤ አንዲት ጥግ አላመለጠቻቸውም።

በአራተኛው ቀን ቅጠሉ መጠማዘዝ ጀመረ። በአሥረኛው ቀን ቢጫ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ያ ሁሉ ምንጣፍ ከምድጃ የወጣ ወረቀት መሰለ። አረሙ ግን እዚህም እዚያም ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እንዲያውም ማዳበሪያ የጠጣ ይመስላል።

ዳይሬክተሩ እህል አልቀመስ አሉ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነገሩን ወደ ኋላ ሲያስቡት መርጫው ትዝ አላቸው። ጓንት ፍለጋ የገቡት ለስንት ደቂቃ ነበር? ልብስ ሰፊው ማን ጠርቶት መጣ? ቅን ሰው ሳይጠራ ይመጣል፣ ተንኮለኛም እንዲሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሃያ ዓመት ሰላምታ ተቋረጠ። ለእሑዱ ብለው ልብስ ሰፊው ዘንድ የሚያሰፉትን ኮት አንድ እጅጌው ሳይገጠም በልጃቸው እጅ አስመጡት። ልጅቱ በኀፍረት መሬት ልትገባ ደረሰች። ልብስ ሰፊው በማግስቱ እጅጌውን ለብቻው አጣጥፎ ላከላቸው።

ልጅቱ አባቷን ብትለምናቸው፣ ብታለቅስባቸው አልሰሙም። አንድን ሰው ያለ ማስረጃ ከሶ መቅረት ግን ከዳይሬክተር አይጠበቅም። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ብለው ከግብርና ቢሮ ባለሙያ አስጠሩ። ልብስ ሰፊውም ቀርቦ እንዲሰማ ላኩበት። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጥቶ በር ላይ ቆመ።

ባለሙያዋ የዱሮ ተማሪያቸው ሆና ተገኘች። ጎንበስ ብላ የደረቀውን ቅጠል አነሳች፤ በአጉሊ መነጽር አየችው። ከአረሙም አንድ ነቅላ እንዲሁ አገላበጠች። የጠርሙሱን ጽሑፍ አነበበች፣ በመርጫው የቀረውን መረመረች፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ የልብስ ሰፊውን ግቢ ተመለከተች። ከዚያ ቀና ብላ ዳይሬክተሩን አየችና ዝም አለች።

ዳይሬክተሩ ዝምታውን ለልብስ ሰፊው እንደማዘን ቆጠሩት። ልጃቸው ክንዳቸውን ብትይዝ አላቀቋት።

«በይ ልጄ፣ ማንንም ሳትፈሪ ተናገሪ» አሉ፣ ድሮ በሰልፍ ፊት በሚናገሩበት ድምፅ። «ሳሩን አይነካም የተባለ መድኃኒት ምን ቢቀላቀልበት ነው ሳሬን ፈጅቶ አረሙን የማረው?»

ባለሙያዋ በእጇ የያዘችውን አረንጓዴ አረም ዘርግታ፣ «ምንም አልተቀላቀለበትም ጋሼ፤ ሳሩንማ አልነካውም፣ ይኸው» አለቻቸው።