የወዳጆ ድንጋይ

ወዳጆ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ይገባል። የጽዋ ማኅበርተኛው ዞሮ ያየዋል።

መምሬ ገብረ አማኑኤል የገብርኤልን ጽዋ እንደያዙ ቆመዋል። ሁለቱ ጎረቤታሞች፣ ወዳጆና ቅጣው፣ ሳይታረቁ ጽዋው አይዞርም ሲሉ ነው ወዳጆ ተነሥቶ የወጣው። ተቀይሞ ሄደ ብለው ነበር። ቅጣውም እንዲያ መስሎት ደስ ብሎት ነበር።

«እስቲ ተናገር ቅጣው፣ ምን በደለህ?» ይላሉ መምሬ። «ድንበር ገፋ?»

«አልገፋም።»

«ከብቱ እህልህን በላ?»

«አልበላም።»

«ታዲያ?»

ቅጣው ባርኖሱን ይሰበስባል።

«ቶሎ በል እንጂ፣ ጠላው ሊሆመጥጥ ነው» ትላለች ዘነበች ከጥግ። ጥቂቶች ይስቃሉ።

ምን ይበል? ካቻምና ውርጭ የእሱን ገብስ ባንድ ሌሊት አቃጠለው። ከወሰኑ ወዲያ ያለው የወዳጆ ገብስ እንደለመለመ አደረ። አፈሩ አንድ፣ ሰማዩ አንድ። ወዳጆ ዘር ገብስ በአህያ ጭኖ ደጁ ድረስ መጣለት። ቅጣው አህያዋን ከነጭነቷ መለሳት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም።

ይህ በማኅበር ፊት አይነገርም።

ወዳጆ ቅጣው እግር ሥር ይንበረከካል። ድንጋዩ ማጅራቱ ላይ ነው።

«ቅጣው ወንድሜ፣ በማውቀውም በማላውቀውም በድዬህ እንደሆነ፣ ስለ ገብርኤል ማረኝ።»

ድምፁ የለበጣ አይደለም። ቅጣው ለበጣ ቢሆንለት ይወድ ነበር።

የሰው ዓይን ሁሉ ወዳጆ ላይ ነው። እንዴት እንደሚሳሳለት ቅጣው አንድ በአንድ ያያል። ገብሱ ያማረው የእሱ፤ ይኸው መንበርከኩም ያማረው የእሱ። ድንጋዩን መሸከም የኔ ነበር ይላል በልቡ። በዚህም ቀደመኝ።

«አንሣለት እንጂ፣ አንተ ሰው» ይላሉ መምሬ። «አንገት ነው።»

ቅጣው ይነሣል። ድንጋዩን በሁለት እጁ ያነሣል። ከባድ ነው። ወዳጆ ቀላል መምረጥ ይችል ነበር።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል ቅጣው።

እልልታ ይሆናል። ወዳጆ አንገቱን እያሸ ቦታው ይቀመጣል። መምሬ ጽዋውን ያቀብሉታል። ቅጣው ግን መሀል ቤት እንደቆመ ነው።

«አስቀምጠው እንጂ» ትላለች ዘነበች። «ቤትህ ልትወስደው ነው?»

ቤቱ ይስቃል። ቅጣው አያስቀምጠውም። ቀስ ብሎ ወደ ወዳጆ ይዞራል፤ ድንጋዩን ወደ ገዛ ጫንቃው ያወጣል።

ሳቁ ይቆማል። ድንጋዩ ከወዳጆ አንገት የወሰደው ሙቀት ገና አልለቀቀውም።