የሁለት ድስት ሰደቃ

ትልቅ እንግዳ ይመጣል በተባለ ሰሞን ቺሮ ላይ ቀለም ያልነካው ነገር አልነበረም። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ተቀባ፣ የመብራቱ ምሰሶ ተቀባ። ግድግዳ ተደግፋ ስታመሰኳ የነበረች አንዲት ፍየል እንኳ ግማሽ ጎኗ ሰማያዊ ሆኖ ወደ ቤቷ ገባች። ባለቤቷም የኔ አይደለችም ብሎ ሲያባርራት ዋለ።

ለመቀባት የማይመቹት በየበረንዳው የሚያድሩት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ስለ እነሱ ስብሰባ ተጠራ። ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች አንዲት የጤና ባለሙያ «መጠለያ ቢሠራላቸውስ?» ስትል፣ ሰብሳቢው አቶ በላይነህ ሻይ ቀርቧል አሉና ቤቱ ተነሣ። ከሻይ መልስ ነገሩን ራሳቸው ቋጩት።

«እነዚህን ሰዎች የሚጎዳቸው ብርዱ ነው። ቦርደዴ ደግሞ ቆላ ነው። ጭነን እዚያ ብናወርዳቸው የሚጠቀሙት እነሱ ናቸው።»

ጭብጨባው ሚኤሶ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

የከተማውን በረንዳ ተሻለ እንደሚባለው ሰው የሚያውቅ ስላልነበረ ሥራው ለእሱ ተሰጠ። አቶ በላይነህ ቢሮ ሳያስገቡ በር ላይ አነጋገሩት፤ የደንብ አስከባሪዎቹን ቢጫ ሰደርያም አለበሱት።

«ከተማዋን አጽዳልኝ እንጂ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችውን የቀበሌ ቤት ቁልፍ እሰጥሃለሁ።»

ቤት! ተሻለ ሌላ ነገር አይፈልግም። ልጁ ቀነኒ ገለምሶ እኅቱ ዘንድ ነው የምታድገው። በሰው ስልክ በደወለላት ቁጥር «አባዬ፣ መቼ ነው የምትወስደኝ?» ትለዋለች። «ቤት ሲሰጠኝ» ይላታል።

«ገለምሶ ብቻ አይወሰዱ፣ ጌታዬ» አለ። «ልጄ እዚያ ናት። እንዲህ ያለ ሰው ገበያ መሀል ሲራገፍ እንድታይ አልፈልግም።»

«ቦርደዴ ብለናል፣ ቦርደዴ ነው።»

ሰደርያውን ከለበሰ ወዲህ አረማመዱ ተለወጠ። ባጃጅ ያስቆማል፤ አህያውን ሳይቀር ዳርህን ያዝ ይላል። የተጣጠፈ ካርቶኑን በብብቱ ሸጉጦ ሲያልፍ ፋይል የያዘ ኃላፊ ይመስላል። አንድ ገበሬ እንዲያውም የመሬት አቤቱታ አቅርቦለት፣ ተሻለ ራሱን እየነቀነቀ እስከ መጨረሻው ሰምቶ «እናየዋለን» ብሎ አሰናብቶታል።

በጉልበት እንደማይሆን ግን ያውቃል። ዱላ ያየ ሰው ተበትኖ ማታ ይመለሳል። በፈቃዳቸው ነው መሳፈር ያለባቸው።

ቀኑ ሲደርስ፣ ፀሐይ የጫት ተራውን ቆርቆሮ ሳትነካ፣ ፊቱን የመስጊዱ ቧንቧ ላይ ታጥቦ በረንዳ በረንዳውን ዞረ። ማን የት እንደተኛ ሳይፈልግ ያገኛል። በጫማው ጫፍ ነካ ነካ እያደረገ ቀሰቀሳቸው።

«ተነሡ፣ ሰደቃ አለ። ከከተማ ወጣ ይላል፤ መኪና ተልኮላችኋል።»

«የማን ሰደቃ?» አለ ዓሊዩ እያሳለ። ዓሊዩ ሲያስል የተኛ ውሻ ሰፈር ይለውጣል።

«ስማቸው እንዳይነሣ የፈለጉ ሀጂ ናቸው።»

«ማሻላህ! እንግዲያ ሥጋ አለው። ስሙን በማይክ የሚያስጠራ ሰው ከሩዝ አያልፍም።»

እማማ እቴነሽ ግን ከተኙበት አልተነሡም። ዓይናቸው አያይም፤ ጆሯቸው ግን ሚኤሶ ላይ የወደቀ ሳንቲም ይሰማል ይባላል።

«በማን እጅ ነው የታረደው?»

ተሻለ ይህቺን ጥያቄ ሲጠብቃት ነበር። ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊም ያረደውን አይበላም። አንድ ድስት ብቻ ያለው ውሸት እዚህ አገር ግማሹን ሰው ከመኝታው አያስነሣም።

«ሁለት በሬ ነው የታረደው፣ እማማ። የእኛን በስመ አብ ብሎ ያረደው ክርስቲያን ነው። ድስቱም ለየብቻ፣ ጭልፋውም ለየብቻ።»

«ጭልፋውም?»

«ጭልፋውም።»

ጭልፋ ድረስ የታሰበበትን ነገር ማን ይጠረጥራል? እማማ እቴነሽ ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

አይሱዙው ላይ ሲወጡ ሠርገኛ እንኳ እንደ እነሱ ደስ ብሎት አይሳፈርም። ዓሊዩ አሮጊቷን ከላይ ሆኖ ሳባቸው፤ ጎማ ላይ አስቀመጣቸው።

«ተሼ፣ አንተስ?» አሉ እማማ እቴነሽ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው።

«እኔ ሥራ አለብኝ።»

«እንግዲያ ድርሻህን በፌስታል ይዤልህ እመጣለሁ። ጎድን ይሁን?»

«ያገኙትን» አለና የኋላውን መዝጊያ ቀረቀረ።

ከሰዓት በኋላ መኪናው ባዶውን ተመለሰ። አቶ በላይነህ የተቀባው ድንጋይ አጠገብ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

«ችግር አልነበረም?» አሉት ሹፌሩን።

«ምንም። ዓይነ ስውሯ ብቻ ‹የእኛ ድስት በየት በኩል ነው?› እያሉ እጃቸውን ዘርግተው ሜዳውን ይዘው ሄዱ።»

አቶ በላይነህ ሳቁ። ተሻለም ሳቀ፤ ከሁሉም ጮክ ብሎ።

«ጸዳ በለኛ፣ ተሻለ?»

«ጸዳ፣ ጌታዬ። አንድም የቀረ የለም።»

አቶ በላይነህ መንገዱን ከላይ እስከ ታች ቃኙት። በረንዳው ሁሉ ጭር ብሏል።

«ሰደርያውን አውልቅ።»

ተሻለ አወለቀ፤ አጣጥፎ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ቁልፉን ለመቀበል እጁን እንደ ዘረጋ ቆየ። ልጁን የሚያስተኛበትን ጥግ በልቡ መርጦ ጨርሷል።

ሹፌሩ ሞተሩን አላጠፋም። አቶ በላይነህ የኋላውን መዝጊያ ራሳቸው ከፈቱት።

«ቦርደዴዎች ሌላ ሰው አንቀበልም ብለዋል፤ ይኼኛው ጉዞ ወደ ገለምሶ ነው። በል ተሻለ፣ የምትተኛበትን ካርቶን ያዝና ውጣ።»