የጥጃው ቆዳ

ቆዳው ይቀበር ወይስ ይቆይ? ውጭ አገር ተምሮ ወደ መካነ ሰላም የተመለሰው የጤና ሠራተኛ፣ በጭድ የተሞላውን የጥጃ ቆዳ ታቅፎ በእትዬ አልታየች በረት መካከል ቆሞ ነበር። ቆዳው ይሸታል፤ ዝንብ ወሮታል። ረሃብ ባደከመው ሰፈር ተቅማጥ ገብቶ ነበርና ጎረቤቶች አቤት ያሉት ያለ ነገር አልነበረም።

«ወላሂ ልጄ፣ ሽታው ፈጀን! ዛሬውኑ ይቀበር» አሉ ከሳሾቹን እየመሩ የመጡት አያ ጀብሪል። እትዬ አልታየች አልተከራከሩም፤ ከላሟ ሥር ቁጢጥ አሉ። ላሟ ጥጃዋ ከሞተ ወዲህ የምትታለበው ይህን ቆዳ እየላሰች ነው። አሁን አንገቷን ወደ እሱ አስግጋ ጮኸች፤ ወተቷንም ያዘች። የጤና ሠራተኛው ቆዳውን ሊቀብር ወደ ተቆፈረው ጉድጓድ ሲዞር አያ ጀብሪል ከጋቢያቸው ሥር ጣሳ አወጡ። ከሳሾቹም ሁሉ እንዲሁ።

«ቆይ እንጂ፤ መጀመሪያ ለልጆቹ ይታለብ።»

«የከሰሱት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«የከሰስኩት ሽታውን ነው። ላሟን መቼ ከሰስኩ?»

ግራ ገብቶት ቆዳውን መልሶ ከላሟ ፊት አኖረው። ላሟ ላሰችው፤ ወተቱ ወረደ። ዝንቡ ከቆዳው እየተነሳ በጣሳዎቹ አፍ ላይ ሲያርፍ አየ። በማግስቱ ደሴ ላሉት አለቆቹ በጭነት መኪና ሹፌር እጅ «ይቀበር ወይስ ይቆይ?» ብሎ ላከ። በዚያ ሰሞን የንጉሡ ሹማምንት እየታሰሩ ነበርና ጥያቄው ማን እጅ እንደገባ አልታወቀም። ሹፌሩ ተመላለሰ፤ መልሱ ግን አልመጣም።