የዶሮዋ ማህተም

ሽማግሌ ሲላክ ጠያቂው ቤቱ ይቀመጣል፤ ሴት ልጄን የፈለገው ጎረምሳ ግን የእድራችን ዳኛ የሆነውን አባቱን ተከትሎ ዘው አለ። ስድ አደግ! ሟቹ ወንድ ልጄ ኳስ ይወድ እንደነበር ሰምቶ፣ አሮጌ የተጫዋቾች ካርዶች አመጣልኝ።

«ከአባዬ ቁም ሣጥን ያገኘኋቸው ናቸው፣ እማማ። ጀርባቸው ላይ ያለችው ማህተም ግን የማን እንደሆነች እንጃ።»

ገለበጥኳቸው። ሐምራዊ ዶሮ! ልጄ ከአሮጌ ሸበጥ የቀረጻት ማህተም ናት፤ ፊደል ስለማላውቅ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር በካርድ ሲጣላ የእሱን ለይቼ እንድፈርድለት።

ዳኛውን ላብ አጠመቀው።

«እትዬ አሰገደች፣ ልጅዎ በሕይወት ሳለ በገዛ እጁ የሰጠኝ ነው። ነፍሱን ይማረውና።»

ወደ ዳኛው ዞርኩ።

«የሬሳ ሣጥኑን ሚስማር የመታኸው አንተ ነበርክ አይደል?»

«እንዴታ! ለሌላ ሰው መቼ ሰጠሁ!»

«ክዳኑን ከመግጠምህ በፊት እነዚህን ካርዶች ደረቱ ላይ ያስቀመጥኩለት እኔ ነኝ።»

ጎረምሳው አባቱን አየ። አባትየው መሬት መሬቱን አየ። ልጄ ከጓዳ ወጣችና የውጪውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችላቸው።