የመርከቧ ጀርባ

"ደሴቱ በደንብ የሚታየው ከመርከቧ ፊት ነው" ያለችው ልጅቷ ናት፤ ገና ኮሎምበስ፣ ቤታቸው ሳሉ የመርከብ ሽርሽሩን ቪዲዮ እያየች አጥንታዋለች። ማልዳ ሁለት ወንበር ያዘች። እናቷ ግን ምርኩዝ የያዙ ፈረንጅ ከነሚስታቸው ሲመጡ "ኖር!" ብላ ብድግ አለች።

"ማም፣ ሲሪየስሊ?"

"ሽማግሌ ቆሞ እኔ ልቀመጥ?"

ሁለቱንም ወንበር ለቀቁ። ሌላ ቦታ ስላልነበረ የመርከቧ ጀርባ ላይ ሄደው ቆሙ፤ ከዚያ የሚታየው ነጭ አረፋ ብቻ ነበር። ልጅቷ አኮረፈች።

መርከቧ ወደቡ ጋ ስትደርስ ግን ቀስ ብላ ዞረች፤ ለካ የምትገባው በጀርባዋ ኖሯል። አረንጓዴው ተራራ መጥቶ እፊታቸው ተገተረ። "ተመስገን" አለች እናቷ፣ ነርሲንግ ሆም አረጋውያን ሲያነሱ በኖሩት እጆቿ የብረቱን አጥር ጨብጣ።

ልጅቷ ሰው የተነሳበትን ወንበር ከጥግ ጎትታ አመጣች።

"ኖር፣ እማዬ።"

"በእግዜር" አለች እናቷ፤ ለወጉ እንኳ ሳትግደረደር ተቀመጠች።