የኮሪደሩ መብራት

የዳታ ማስገቢያ ጣቢያው ለአንድ ቤት የሚሰጠው አራት መስመር ብቻ ነው። ከመስመር ጋር ያልታሰረ ሰው መብራት አይበራለትም፤ ቧንቧም ውኃ አይሰጠውም። ይህን ሕግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ጣቢያው ውስጥ ሰውን ከመስመር ከሚያስሩት አንዱ እኔ ነኝ። አሁን ግን ለቤታችን አምስተኛ ሆኖ ለተወለደው ለገዛ ሕፃኔ መስመር አጥቼ ስቁነጠነጥ ሰነበትኩ።

ዛሬ ማምሻውን ከሥራ ስገባ ከሕፃኑ አልጋ በላይ ያለው መብራት በርቷል።

"ማን አሰረው?" አልኳት ባለቤቴን ፋናዬን።

"አንተ መስለኸኝ!"

ደነገጥኩ። አንድ ሰው በገዛ ፈቃዱ ካልተፈታ ሌላ አይታሰርም። ወጥ ቤት ሮጬ እጄን ከቧንቧው ሥር ዘረጋሁ፤ ውኃው ወረደ። ለፋናዬም ወረደላት። ለትልቋ ልጃችን ለሶልያናም ወረደላት።

"አባባስ?" አለች ሶልያና።

ሳሎን ተቀምጠን ኮሪደሩን ማየት ያዝን። አባቴ ከክፍላቸው ሲወጡ የኮሪደሩ መብራት ይበራል፤ እኛም እሱን አይተን ነው "ኖር!" ብለን የምንነሳላቸው። ኮሪደሩ ጨለማ ነው።

"ተኝተው ይሆናል" አልኩ።

ግድግዳ የሚዳብስ እጅ ሰማሁ። ቀና ስል አባቴ ባዶ ኩባያ ይዘው አጠገባችን ቆመዋል። ማናችንም "ኖር!" ብለን አልተነሳንም።

እሳቸው ግን እንደ ወትሯቸው እጃቸውን አነሱና፣ "በእግዜር! በእግዜር! ኧረ አትነሱ" አሉን።