ሦስት ሚሊዮን ስም

ትራክተሩን በቢጫና በቀይ የቱሊፕ አበቦች መሃል ቀስ አድርጌ እየነዳሁ ነው። ተጎታቹ ላይ ሃያ ሁለት የአበባ በዓል እንግዶች ተጭነዋል፤ እኔ ምላሴን ነክሼ ይዣለሁ።

የእርሻው ባለቤት እትዬ ዊልማ ዛሬ ጠዋት አስጠንቅቀውኛል። አንድ የበሬ ወለደ ወሬ ከሰሙ የትራክተሩን ቁልፍ ይቀበሉኝና በዓሉ እስኪያልቅ የእንግዳ ቦት ጫማ ጭቃ አጥባለሁ። አይፈረድባቸውም። አምና፣ ቢጫዎቹ ቢጫ የሆኑት የእንቁላል አስኳል እየተመገቡ ነው ብላት፣ አንዲት ከሲያትል ከተማ የመጣች ሴት በማግስቱ ሁለት ደርዘን እንቁላል ይዛ መጣች። እሳቸው ደግሞ ውሸት በሕይወታቸው ያልሞከሩ ሰው ናቸው።

ተጎታቹ ላይ ያለች አንዲት የገለባ ባርኔጣ የደፋች ሴትዮ፣ በዓሉ ሲያልቅ አበባውን ምን እንደምናደርገው ትጠይቀኛለች።

ሦስት የሚያማምሩ ውሸቶች ጉሮሮዬ ላይ ይጋፋሉ። እውጣቸዋለሁ። እውነቱን እነግራታለሁ፦ ሰኞ ጠዋት ሁሉንም በማሽን አንገታቸውን ቆርጠን እዚያው እንጥላቸዋለን፤ የምንሸጠው አፈር ውስጥ ያለውን ሽንኩርት መሳይ ሥሩን ነው፤ አበባው ሲቆረጥለት እሱ ይወፍራል።

ተጎታቹ በሳቅ ይናጋል። አንዱ፣ እንዲህ ያለ ቀጣፊ አይቼ አላውቅም ብሎ ይምላል።

መውረጃው ጋ እትዬ ዊልማ ቆመዋል። ሴትዮዋ ገና ሳትወርድ፣ "ሹፌርዎ ግን ጉድ ነው፤ ውሸት ይችልበታል" ትላቸዋለች።

እጃቸውን ይዘረጋሉ። ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አስቀምጣለሁ።

"ሰኞ የአበቦቹን አንገት ትቀላላችሁ አለንኮ" ትላለች ሴትዮዋ እየሳቀች።

እትዬ ዊልማ ቁልፉን ያያሉ፤ እኔን ያያሉ። "እውነቱን ነው" ይላሉ።

ሳቁ ጭጭ ይላል። ሴትዮዋ ለቀብር እንደመጣ ሰው ባርኔጣዋን ታወልቃለች፤ ከኋላ አንድ ሰው አፍንጫውን ይስባል። እትዬ ዊልማ የእንግዶቹን ፊት አንድ በአንድ ያያሉ።

"ግን... ዋዜማውን እያንዳንዳቸውን በስማቸው ጠርተን እንሰናበታቸዋለን።"

"በስማቸው? ስንት ናቸው?"

"ሦስት ሚሊዮን" ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ የውሸቱ መንገድ ይጠፋባቸዋል። ወደ እኔ ይዞራሉ። እሳቸው ዘንድ በሠራሁባቸው ስድስት ዓመታት ውስጥ እንዲህ በዓይናቸው ለምነውኝ አያውቁም።

"ግማሾቹ ማርጋሬት ናቸው" እላለሁ፤ "ያን ያህል አያደክምም።"

ሴትዮዋ ተጽናንታ ባርኔጣዋን መልሳ ትደፋለች።

እትዬ ዊልማ ቁልፉን መዳፌ ውስጥ ጨምቀው ሳያዩኝ ይሄዳሉ። ከኋላቸው ሆኜ ሳይ ጆሯቸው፣ ቢጫው ማሳ መሃል ተሳስታ እንደበቀለች ቀይ ቱሊፕ ቀልቷል።